ሰባት ኮረብታ ለአንድ ኮቴ

ልጅ ሳለሁ ፈረስ ተረት ሲያዳምጥ አይቻለሁ። ይህን ስል የሚስቅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ይሳቅ፣ ግን ሳቁን ጨርሶ እስከ መጨረሻው ይቀመጥ፤ ጊዜውን በከንቱ አላጠፋበትም። ስለ ፈረስ ኮቴ አንድ የሚጠቅም ነገር ያውቃል፣ በእኔ ሞኝነት ደግሞ ይዝናናል፤ ሁለቱም ካልጣሙት ተረቷን ብቻ ይዞ ይሄዳል፣ እሷ ብቻዋን ለአንድ ምሽት ትበቃለች።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ የምንኖረው ከሆሳዕና ገበያ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሞርሲቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አባቴ ኤርሲዶ ጋሪ ነጂ ነበር። ዳማ የሚባል አንድ ፈረስ ነበረው፤ ስሙን ያገኘው ከቀላ ቡናማ መልኩ ነው። በግቢያችን ሁለት ቤት ነበር፤ አንደኛው አባቴና እናቴ የሚኖሩበት ባለ ቆርቆሮው፣ ሁለተኛው የአያቴ የሎምባሞ ትልቅ ሳር ቤት። አያቴን አባባ ነበር የምላቸው። ለማያውቅ ላስረዳና፣ በእኛ አገር ሳር ቤት ውስጥ ሰው ብቻውን አያድርም፤ ከበሩ ሲገባ በአንድ በኩል ጋጥ አለ፣ ላሙም ፈረሱም እዚያ ይታሰራል፣ በመሃል ምድጃው ይነድዳል፣ በወዲያኛው በኩል ሰው ይቀመጣል። ከብቱ ቤቱን በትንፋሹ ያሞቃል፣ ሰውም ከብቱን ከጅብና ከሌባ ይጠብቃል። ስለዚህ ማታ ማታ፣ እራት እስኪደርስ፣ አባባ የባህር ዛፉን ፍም በእንጨት እየቆሰቆሱ ተረት ሲጀምሩ ከእኔ ጋር ዳማም ይሰማ ነበር። እውነቴን ነው፤ ድምፃቸው ዝቅ ሲል ጆሮውን ወደ እሳቸው ያዞራል፣ ተረቱ ሲያልቅ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ኩራዟም በትንፋሹ ትወዛወዛለች።

ተረት በቀን አይነገርም ነበር። ፀሐይ ሳለች ተረት የሚያወራ ከብቱ ይጠፋበታል ይባላል። እኔ ታዲያ ቀኑን ሙሉ ፀሐይቱን እሰድባት ነበር፣ ቶሎ አትገባም ብዬ።

አንድ ነሐሴ፣ ከመንገዱ ማዶ የአንድ መጋዘን ቆርቆሮ ይመታ ነበርና፣ ሚስማሩ በጭቃው ውስጥ እንደ ዘር ተበትኖ ከረመ። ዳማ ከገበያ ሲመለስ እያነከሰ ገባ። አባቴ ወዲያው ትከሻውን ዳበሰ። የጋሪ ነጂ ነገር እንዲህ ነው፤ ፈረስ ላይ ምንም ነገር ቢደርስ መጀመሪያ የሚፈልገው ጋሪው የሚያርፍበት ትከሻ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ቆዳው ተልጦ ካገኘው ደግሞ ሌላ አይፈልግም። ብረት ሊያግል ወደ ምድጃው ሄደ፣ ትከሻውን ሊተኩሰው።

አባባ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ፣ «ብረቱን አስቀምጥና ፈረሱን አራምደው» አሉት።

«አባዬ፣ እያዩት፣ ትከሻው ተልጧል እኮ!»

«ያንተም ትከሻ የተላጠ ነው፣ አታነክስም። አራምደው።»

አራመደው። አባባ እግሩን ሳይሆን ራሱን ነበር የሚያዩት። አሁን እኔ የማውቀውን ላስረዳችሁ፤ የሚያነክስ ፈረስ የቱ የፊት እግሩ እንደታመመ የሚናገረው በጭንቅላቱ ነው፤ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል፣ ደህናው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። የዳማ ራስ የሚወረወረው ግራው ሲያርፍ ነበር። ከዚያ አባባ ተነስተው የሁለቱንም የፊት ኮቴዎች በእጃቸው ጀርባ ነኩ፣ በመዳፋቸው አይደለም፣ በጀርባው፣ እናት የልጇን ግንባር እንደምትነካው፤ ግራው እንደ ጋለ ምጣድ ይሞቅ ነበር። እግሩን አንስተው ጭቃውን ሲፍቁት፣ ከኮቴው ሥር አንዲት ጥቁር ነጥብ ታየች። በጉጠት ሲስቧት ራሱ የተቆረጠ የቆርቆሮ ሚስማር ሆና ወጣች፣ የጣቴን ሁለት አንጓ ታህል። ዳማ እንደ ሰው ቃተተ።

አባቴ ሚስማሩን በመዳፉ ላይ አገላበጠው። ከዚያ ግድግዳውን እያየ፣ «ለመስቀል በእግሩ ካልቆመ ወደ ወንዙ ማዶ እወስደዋለሁ» አለ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልጆች ሁሉ እናውቅ ነበር። ያኔ በከተማችን የተሰበረ የጋሪ ፈረስ ሲመሽ ወደ ወንዙ ማዶ ይነዳና እዚያ ይለቀቃል፤ ሲነጋ ማንም ሄዶ አያይም፣ ማንም አይጠይቅም፣ ጅቡ ብቻ ጠግቦ ያድራል። አባቴ ጨካኝ ሰው ስለነበር አይደለም። የቤታችን ጉርሻ ከጋሪው ነበር የሚመጣው፤ ለማይሠራ ፈረስ የሚሆን ድርቆሽ አልነበረም፤ የመስቀል ሰሞን ደግሞ አገር ቤት የሚገባው ሰው ሁሉ ጋሪ የሚፈልግበት ነው፣ ያ ካለፈ ዓመቱ አለፈ። መስቀል ሊሆን አንድ ወር ገደማ ቀርቶት ነበር።

የአባባን አሠራር አሁንም ዓይኔን ብጨፍን አየዋለሁ። በመጀመሪያ በትንሽ ቢላዋ የቀዳዳዋን አፍ ጥቂት አሰፉት። ከዚያ የእናቴን አሮጌ ገበቴ አመጡ፣ ለብ ባለ ውሃ ሞሉት፣ ጨው በትኚበት አሉኝ። ጨው ያኔ ከቀበሌ ሱቅ ነበር በራሽን የሚገኘው፤ እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «የዚህ ወር ጨው በሙሉ ፈረስ እግር ውስጥ ገባ። እኛ ምን እናድርግ፣ እግሩን እየላስን እንጀራ እንብላ?» አለች። አባባ ሳቅ አሉና፣ «እግሩን የተሸከመው ገበቴ እንኳ ምንም አላለም» ሲሏት ጥላን ሄደች።

ችግሩ ፈረስን እግሩን ውሃ ውስጥ አድርጎ ማቆም ነው። በቤታችን ሰዓት አልነበረም፤ ምን ያህል ጊዜ ይቁም? አባባ መለኪያ ነበራቸው። ተረት ጀመሩ። ተረቷ እስክታልቅ እግሩ አይወጣም። ተረቷ ሰባት ኮረብታ ነበራት፣ በእያንዳንዱ ኮረብታ ላይ እኔ ከምድጃው ድስት አንድ ጭልፋ ሙቅ ውሃ ወደ ገበቴው እጨምራለሁ፤ ሰባት ኮረብታ፣ ሰባት ጭልፋ፤ ውሃው ሳይቀዘቅዝ፣ ፈረሱም ድምፅ እየሰማ ሳይረበሽ፣ ሥራው ያልቃል። በሀዲይኛ ነበር የሚተርኩት። ልንገራችሁ።

አንድ ሰው የምድጃው እሳት ጠፋበት። እሳት ለመለመን ሰባት ኮረብታ አቋርጦ ወንድሙ ዘንድ ሄደ። ወንድሙ በገል ሰባት ፍም ሰጠውና ተመለሰ። በመጀመሪያው ኮረብታ ላይ አንዲት መበለት ወጥታ «ፍም ስጠኝ» አለችው። እሱም፣ «ቤቴ ሩቅ ነው፣ እሳቴ ጥቂት ነው፣ ቢሆንም አንዱን ውሰጂ» አላት። በሁለተኛው ኮረብታ ቀጥቃጭ፣ በሦስተኛው አራስ፣ በአራተኛው ሁለት የተጣሉ ጎረቤታሞች ለመኑት፤ ለሁሉም ያንኑ ቃል ተናግሮ በየኮረብታው አንድ አንድ ሰጠ። በአምስተኛው ጅብ ወጣ። ሰውየው፣ «አንተ እሳት ትፈራለህ፣ ፍም ምን ያደርግልሃል?» ቢለው፣ ጅቡ አንገቱን ደፍቶ፣ «ልጆቼ ጨለማ ይፈራሉ» አለው። ሰጠው። በስድስተኛው ዕውር፣ በሰባተኛው ዕውሩን የሚመራው ልጅ ለመኑት፤ ለእነሱም ሰጠ። ቤቱ ሲደርስ በገሉ ላይ አመድ ብቻ ነበር። ሚስቱ «እሳቱስ?» አለችው። ዞር ሲል፣ የመጣበት ኮረብታ ሁሉ ይበራል። «እንግዲያው ነገ ሩቅ አትሄድም» አለችው። እውነትም ከዚያ ወዲያ እሳት ሲጠፋባቸው ከቅርቡ ኮረብታ ይለምኑ ነበር።

ተረቷ ስታልቅ እግሩ ይወጣል፣ ይደርቃል፤ አባባ ንጹሕ ቃጫ በጨው ውሃ ነክረው፣ ጫፉ ወደ ውጭ እንዲቀር አድርገው ቀዳዳዋ ውስጥ ይሰኩታል፤ በላዩ በሙቅ ውሃ የታሸ ፉርሽካና ጨው ይለጥፋሉ፣ በእሳት ባለሰለሱት የኮባ ቅጠል ይጠቀልሉታል። በመጀመሪያው ምሽት እንዲህ አድርገን ዞር ስንል ዳማ ጎንበስ ብሎ ኮባውን በጥርሱ ቀደደና መድኃኒቱን በላው። ምን ይፈረድበታል፣ ፉርሽካ ምግቡ ነው፣ ጨውም ይወዳል።

በማግስቱ አባባ ከገበያው ጀርባ ወደሚገኘው ወደ ጋሽ ሽኩር ሱቅ ላኩኝ። ጋሽ ሽኩር የጉራጌ ሰው ነበር፤ ገመድና ኩራዝ ይሸጣል፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶም ይሠራል። የፈረስ ጫማ እንደምንፈልግ ስነግረው ፊቱ ቅንጣት ሳይፈታ፣ «ስንት ቁጥር ያደርጋል?» አለኝ።

«ጋሽ ሽኩር፣ የምሬን ነው!»

«እኔም የምሬን ነው። የቀሩትንስ ሦስቱን መቼ ነው የሚያዘው? አንድ እግር በረባሶ ለብሶ ሦስቱ ባዶ መሄድ ነውር ነው።»

የኮቴውን ልክ በገመድ ለክቼ ወሰድኩለት፤ ከጎማ ክብ ቆርጦ፣ ዙሪያውን ወደ ላይ አጥፎ፣ በጠፍር የሚታሰር አደረገው። የሰፈሩ ልጆች ከአጥር ውጭ ተሰልፈው «ዳማ በረባሶ! ዳማ በረባሶ!» እያሉ ሲጮሁ ዋሉ። ዳማ ከሁላቸውም የተሻለ ጫማ ነበረው፤ ይህን መለስኩላቸው፣ አልወደዱትም።

ከቀን ወደ ቀን ኮቴው ቀዘቀዘ። አባቴም ጠዋት ጠዋት ጋሪውን ሳይሆን መጀመሪያ ፈረሱን ያይ ጀመር። መስቀል ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው አባባን ቦኖሻ ድረስ የሚያስኬድ ለቅሶ መጣ። ሲወጡ፣ «ማርታ፣ ሰባቱንም ኮረብታ» ብቻ አሉኝ። አባባ አያስረዱም ነበር፤ የሚሠሩትን ታያለህ፣ ከገባህ ገባህ። እኔ ዛሬ ያገኘሁትን ሁሉ ይዤ የማስረዳ ሰው የሆንኩት በዚያ ቂም ይመስለኛል።

በመጀመሪያው ምሽት ሁሉንም እንደ ሥርዓቱ አደረግኩ። በሁለተኛው ቀን ግን እናቴ ከጓሮ ከቆጮ ጉድጓድ ሊጥ ስታወጣ እረዳት ነበር። ቆጮ እንዴት እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ፤ ጉድጓዱ በኮባ ይለበጣል፣ ሊጡ ይገባል፣ ከላይ በኮባ ይደፈናል፣ ድንጋይ ይጫንበታል። እናቴ፣ «አጥብቀሽ ድፈኚው፣ አየር ከገባበት ይበላሻል» አለችኝ። እኔ ድንጋዩን ስጭን አሰብኩ፤ የዳማ ቀዳዳ ለስንት ቀን ክፍት ነው? አየር እየገባበት አይደል? አባባ አርጅተው ረሱት እንጂ! ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፤ በራሴ ጭንቅላት ያገኘሁት የመጀመሪያው ዕውቀት ነበር። ሲመለሱ ቀዳዳ የሌለው ኮቴ ሳሳያቸው የሚሉት ሁሉ ታየኝ።

ያን ምሽት ዳማ እግሩን ደህና አድርጎ ይረግጥ ነበርና ተረቱንም አሳጠርኩት። ከመበለቷ፣ ከቀጥቃጩና ከአራሷ በኋላ የቀሩትን ዘልዬ ሰውየውን ቤቱ አስገባሁት። ሦስት ጭልፋ። ዳማ ጆሮውን ወደ እኔ እንዳዞረ ቀረ፣ እንደ ልማዱ በረጅሙ አልተነፈሰም። ቃጫውን መዝዤ ጣልኩ፣ ቀዳዳዋን በሰም ደፈንኩ፣ በኮባ ሦስት ጊዜ ጠቀለልኩ፣ በረባሶውን አጥብቄ አሰርኩ። በቀጣዩም ምሽት አልፈታሁትም፤ የቆጮ ጉድጓድ በየቀኑ አይከፈትማ።

በአራተኛው ቀን ዳማ አልበላም። እግሩን አንጠልጥሎ በሦስቱ ቆሞ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አንገቱ በላብ ርሷል። አባቴ ከሥራ ፍለጋ ተመልሶ አየው። ልጓሙን ሳይሆን ተራውን ገመድ አነሳ፣ አንገቱ ላይ አሰረ፣ «በቃ፣ ሞክረናል» አለ። ፀሐይ ልትገባ ትንሽ ቀርቷት ነበር።

ከግድግዳው ተጣብቄ ቀረሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አውቄያለሁ፤ ኮቴውን ከበረባሶው በላይ በእጄ ጀርባ ነክቼው ነበር፣ ይፋጅ ነበር። አፌ ግን አልከፈት አለኝ፤ ምክንያቱም ብናገር የገደልኩት እኔ ልሆን ነው፣ ዝም ብል ደግሞ ሚስማሩ። ዳማ የበሩን ደፍ መሻገር አቃተው። አባቴ ከፊት ይስባል፣ ፈረሱ ይቃትታል፤ በዚህ መሃል አባባ ጋቢያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኖ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ከአጥሩ ገቡ።

«የት ልትሄዱ ነው?» አሉ።

ያኔ ነው አፌ የተከፈተው።

«እኔ ነኝ! እኔ ደፈንኩት!»

«ምኑን?»

«ቀዳዳውን። እንደ ቆጮ… አየር እንዳይገባ።»

አባባ መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ቀጥሎ የዳማን እግር፣ ከዚያ ዱላቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ኤርሲዶ፣ ስማ! ልጅህ የፈረስ እግር አቡክታልሃለች!» አሉ። ወዲያውም ሳቁን ትተው፣ «ገመዱን ፍታና እግሩን ያዝልኝ። አንቺ ውሃ ጣጂ» አሉ።

በረባሶው ተፈታ፣ ሰሙ ተነሳ። ከቀዳዳዋ የወጣውን አልገልጸውም፤ ጥቁር ነበር፣ ሽታው ላሟን እንኳ ወደ ኋላ አስፈገፈጋት። ዳማ ግን ወዲያው፣ እዚያው አባቴ እጅ ላይ፣ እግሩን አላላ። አባባ ያን ቀን ለአንድ ጊዜ አስረዱኝ፤ «ቆጮ የሚበስለው ታፍኖ ነው። ቁስልም ሲታፈን ይበስላል፣ ግን ሥጋውን እየበላ። ቁስል ከታች ጀምሮ ነው የሚሞላው፤ አፉ የሚዘጋው መጨረሻ ላይ ነው።» ቀጥለውም፣ «ተረቱንስ ጨርሰሽዋል?» አሉኝ።

«ሦስት ኮረብታ ብቻ።»

«ታዲያ አራቱን ኮረብታ በጨለማ ትተሽ ነዋ የገባሽው። ተቀመጪና እንደገና ጀምሪ።»

ገበቴው መጣ፣ ኩራዟ በራች። አባባ ከመንገድ ደክመው ነበርና ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እግሩን የያዘው አባቴ ነበር፣ ጭልፋውንም እሱ ያዘ። እኔ እያለቀስኩ ጀመርኩ። መበለቷ፣ አንድ ጭልፋ። ቀጥቃጩ፣ አራሷ፣ የተጣሉት ጎረቤታሞች። አምስተኛው ኮረብታ ላይ ጅቡ ሲወጣ ግን በሩ ላይ የወደቀውን ገመድ አየሁና ተረቱን አቋረጥኩ። ዳማ ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቃል።

አባቴ ከገበቴው ቀና ሳይል፣ በአባባ ድምፅ አወጣጥ፣ በቀስታ፣ «ልጆቼ ጨለማ ይፈራሉ» አለ። ጭልፋውንም ጨመረ።

አባቴ ተረቷን እንደሚያውቃት እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር። ለካ እሱም እዚያው ምድጃ ዳር፣ እዚያው ጋጥ ፊት ነው ያደገባት። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ኮረብታ አብረን ወጣን። ሲያልቅ ዳማ በረጅሙ ተነፈሰ፣ ኩራዟም ተወዛወዘች። አባቴ ገመዱን አነሳና ጠቅልሎ ምሰሶው ላይ ሰቀለው፤ ስለ መስቀል ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አልተናገረም።

መስቀል ደረሰ፤ ዳማ ጋሪ አልጎተተም፣ ግን በአራቱም ቆሞ ነበር። ያን ሰሞን አባቴ ጋሪውን ራሱ እየጎተተ ጥቂት ጆንያ አመላለሰ፣ ማታ ማታ ትከሻው ተልጦ ይገባል፤ አባባም «ይኸው አንተም አታነክስም» ይሉት ነበር። ደመራው ሲለኮስ ዳማን በበረባሶው ይዘነው ሄድን። ጋሽ ሽኩር ከሩቅ አይቶን፣ «ለበዓል እንኳ አዲስ አታደርጉለትም?» ብሎ ሕዝቡን አሳቀብን። ዳማ ጋሪው ሥር የገባው ጥቅምት አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራ።

አባባ ዛሬ የሉም፣ ሳር ቤቱም የለም። ከእኔ ጋር የቀረው ግን ብዙ ነው። ነገርን ቶሎ ደፍኜ ዳነ ለማለት በቸኮልኩ ቁጥር ያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል፤ ከሰው ጋር ስጣላም፣ መጽሐፍ ሳነብም፣ «ስንተኛው ኮረብታ ላይ ነሽ?» እላለሁ ለራሴ።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ደጃችሁ ላይ የሚያነክስ ከብት ካለ ዛሬውኑ ሲራመድ ጭንቅላቱን እዩ፣ ኮቴውን በእጃችሁ ጀርባ ንኩ፤ የእንስሳት ሐኪም ቅርብ ከሆነ ጥሩት፣ እስኪመጣ ግን ለብ ያለ ውሃና ጨው አቅርቡ። ከብት የሌለው ደግሞ ጉልበቱ የተላጠ ልጅ አያጣም፤ ቁስሉን ሲያጥብለት ተረቷን ያውራለት። እኔ እንደነገርኳችሁ መሆን የለበትም፤ በኮረብታዎቹ ላይ የምታውቋቸውን ሰዎች አስቀምጡ፣ ቀጥቃጩን አውጥታችሁ ሾፌር ብታስገቡም አባባ አይቆጡም። ሞክሩት፤ ብቻ አንድም ኮረብታ አትዝለሉ።